ጀጎል ውስጥ ጎርፍ ቤቴ እየገባ ነው፤ ደፉን ከፍ ላድርገው ወይስ ቦይ ላስቆፍር?

ልብስ ሰፊው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ አስቀድሜ ይቅርታ።

ሐረር፣ ጀጎል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ነው የምኖረው። ሥራዬ መኪና ግርግር ላይ ልብስ መስፋት ነው። ለማያውቅ፦ መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ቤቴ ግን ታች ነው፣ ወደ ኤረር በር። ጀጎልን የረገጠ ያውቃል፤ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ወደ ኤረር በር የሚወርድ ሰው አይደክመውም፣ ሲመለስ ነው የሚያልበው። ውሃው ደግሞ መመለስ የሚባል ነገር አያውቅም።

ቤቱን ከእናቴ ወገን ነው የወረስነው። የድሮ የሐረሪ ቤት ነው፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ውስጡ ነደባ፣ ማለትም ከፍ ያለ የመቀመጫ መደብ፣ ያለው። ልጅ ሆኜ ክረምት ሲቃረብ የምናስበው ጣሪያውን ነበር። አፈር ጣሪያ ስለነበረ በየዓመቱ አፈር ይጨመርበታል፣ ይጠቀጠቃል። ጎርፍ በበር ገባ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሐምሌ 9 ማታ የዘነበው ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ባለቤቴ ደወለችና «ቶሎ ና፣ ነደባው ላይ ወጥተናል» አለችኝ። ስደርስ ውሃው ሄዷል። ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር በልብስ ሜትሬ ለካሁት፤ 31 ሴንቲ። ለሁለት ዓመት ልጅ ሱሪ ስቆርጥ የውስጥ እግሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ለመስከረም የታዘዘ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ፣ ሁለት ጥቅል ቴትሮን፣ መሬት ላይ ነበር። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቢሆን አጥቤ አሰጣው ነበር። ግን የዝናብ ብቻ አይደለም። ጀጎል ያደገ ሰው ስለ ምን እንደማወራ ይገባዋል።

የበለጠ ያናደደኝ በማግስቱ ነው። ጠዋት ቧንቧው ደረቅ። ወለሉን ለማጠብ በጀሪካን ውሃ ገዛሁ!

ምን እንደተለወጠ ላስረዳችሁ። ከላይ ያሉት ጎረቤቴ አፈር ጣሪያቸውን አንስተው ቆርቆሮ መቱ፤ ግቢያቸውንም ሲሚንቶ አለበሱት። ቀጥሎ መንገዳችን ኮብልስቶን ሆነ። እኔም አምና ግድግዳዬ እንዳይበሰብስ ብዬ ከውጭ በኩል እስከ ወገቤ ድረስ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ዘንድሮ ልስኑ ሆዱ ተነፍቶ እየተላጠ ነው። ይሄ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አንዱ ደፉን ከፍ አድርገው ይለኛል። ሌላው መንገዱን አስቆፍረህ ክዳን ያለው የኮንክሪት ቦይ አሠራ ይላል። አጎቴ ደግሞ ሽጠህ ውጣ፣ ከግንቡ ውጭ ዘመናዊ ቤት ሥራ ይላል። መንገዱን ለክቼዋለሁ፤ ከግድግዳ ግድግዳ 1 ሜትር ከ62 ነው። ቅርስ ስለሆነም እንዳሻኝ መቆፈርና ማፍረስ አልችልም። ምን ትሉኛላችሁ? አጎቴን ተዉት፣ አልሸጥም።

አቦ_ከድሬ፦

አቦ ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ጎርፍ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። 1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ ተኝተን ነው የደረሰብን። የሚገርምህ፣ የናንተ ጀጎል ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የሰፈረው በዚያው ወር ነበር። እናንተ ስትጨፍሩ እኛ ለቅሶ ላይ።

የኔ ምክር አጭር ነው። ደፉን 40 ሴንቲ አድርገው፣ በሩ ላይ ብሎኬት ደርድር። ከዚያ በርጫህን ይዘህ ነደባው ላይ ቁጭ በል።

ሽማግሌው_ግንበኛ፦

አቦ የምትባለው ልጅ፣ ከድሬ መሆንህ ያስታውቃል። ደፍ ከፍ ስላለ ውሃው ሐረርን ትቶ አይሄድም። እሱ ቤት ሊገባ የነበረው ከታች ያለችው ባልቴት ቤት ይገባል። እሷም ደፏን ከፍ ታደርጋለች፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ደሞ የጭቃ ግንብ ውሃ የሚጠጣው በበር ብቻ ነው ያለህ ማነው? በእግሩም ይጠጣል።

አንተ ልብስ ሰፊው፣ ልጄ፣ ጀጎል ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ድንጋይ ደርድሬአለሁ። በሲሚንቶው ልጀምር። የግድግዳህ ድንጋይ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ድሮም ይስብ ነበር። ልስኑ ኖራ ሲሆን እርጥበቱ በልስኑ በኩል ተንፍሶ ይወጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ግድግዳው ይደርቃል። አንተ ቆላ ለሚኖር ሰው ናይሎን ሸሚዝ ሰፍተህ አልብሰኸዋል። ላቡ መውጫ ሲያጣ ምን ይሆናል? ሆዱ የተነፋው ለዚያ ነው። ከልስኑ ኋላ ያለው ጭቃ አሁን ሊጥ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ግን አትንካው። ክረምት ላይ ግድግዳ ራቁቱን አይተውም። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲጠና፣ በመሮ ቀስ እያልክ ከላይ ወደ ታች አንሳው። በትልቅ መዶሻ አትደብድበው፤ ድንጋዩን ታናጋዋለህ። ሁለት ሳምንት ይተንፍስ። ከዚያ የላላውን በጭቃ ሙላና በኖራ ልሰነው። ኖራ ችኮላ አይወድም፤ ሲደርቅ በእርጥብ ጆንያ እየሸፈንክ ነው የምታደርቀው። ይሰነጠቃል ብለህ ሲሚንቶ ቀላቅልበት የሚልህ ግንበኛ ካለ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። ኮብልስቶኑ መሃሉ ከፍ ያለ ነው ወይስ ጎድጎድ ያለ? በዓይንህ አትፍረድ፤ ዓይን ይሸነግላል። ባልዲ ውሃ መሃል መንገዱ ላይ አፍስስና ወዴት እንደሚሄድ እይ። የመኪና መንገድ ሲሠራ መሃሉ ከፍ ይላል፣ ውሃው ወደ ዳር ሄዶ ቦይ ይገባል። የናንተ መንገድ ግን ዳሩ ቦይ የለውም። ዳሩ ግድግዳህ ነው! 1 ሜትር ከ62 በሆነ መንገድ ላይ ዝቅ ማለት ያለበት መሃሉ ነው። እግረኛው በግራና በቀኝ ይሄዳል፣ ውሃው በመሃል። ይህን ሳያውቁ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ የመኪና መንገድ ሲሠሩ የኖሩ እጆች የለመዱትን ይሠራሉ።

ሦስተኛ፣ ግንቡ ሥር ሂድ። የጀጎል ግንብ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ጅብ የሚገባበት፤ ዋራባ ኑዱል የምንለው። ጅቡ ሌሊት ይገባበታል፣ ውሃው ክረምት ይወጣበታል። ያንተ ሰፈር ውሃ የሚወጣበት ክፍት ነው? በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኖ ከሆነ ውሃው ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ነው ቤትህ የሚደርሰው። ጅቡን ጠይቀው ልልህ ነበር።

አንድ ጊዜ ላሊበላ ሄጄ የሌላው ሰው ዓይን ከመስቀሉ ላይ ሲተከል እኔ ቦዩን ሳይ ዋልኩ። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ክረምት ሲመጣ ኩሬ አይሆንም። ዓለቱን ሲፈለፍሉ የውሃውን መውጫ አብረው ፈልፍለዋል። ሃይማኖትህ ምንም ይሁን፣ ግንበኛ ከሆንክ እዚያ ቆመህ ባርኔጣህን ታወልቃለህ።

ቀያሹ፦

ጋሼ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የኔ ዲግሪ ትንሽ አፈረ። መጨመር የምችለው ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ነኝ፣ ሥራዬ የጎርፍ መውረጃ ዲዛይን ነው።

ልብስ ሰፊው፣ ይህን ያዝ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ሌላ ቀመር አያስፈልግህም። 50 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ዝናብ ከወረደ 1,250 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 62 ሞልቶ ይተርፋል። ከአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ዝናብ። አፈር ጣሪያ ግን የመጀመሪያውን ውሃ ራሱ ይጠጣል፣ የቀረውንም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ቆርቆሮ ምንም አይጠጣም፤ የወረደበትን እዚያው በደቂቃ ይጥለዋል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ ይጨምራል። ሰው ሁሉ «ዘንድሮ ዝናቡ ከበደ» ሲል እኔ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው።

ክዳን ያለውን የኮንክሪት ቦይ እርሳው። ይህን የምለው እንጀራዬ ቦይ ሆኖ ሳለ ነው። አንደኛ፣ 1 ሜትር ከ62 ውስጥ 60 ሴንቲ ስትቆፍር በሁለቱም በኩል የድሮ ግድግዳ እግር ሥር ነው የምትገባው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ መሠረቱ ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይደለም። ክረምት መሃል ቆፍረው ያስቀሩት ጉድጓድ ግድግዳ ሲጥል አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ክዳን ያለው ቦይ ቆሻሻ መደበቂያ ነው። ሲደፈን አይታይም፤ የሚታየው ውሃው ገንፍሎ ቤት ሲገባ ነው። ዓይን የሚያየው ጎድጓዳ መንገድ ሲቆሽሽ ግን ማለዳ ባለቤቷ በመጥረጊያ ትጠርገዋለች። ሦስተኛ፣ ክዳኑ ሥር ማን የሽንት ቤቱን ቱቦ እንዳገናኘ አታውቅም።

ሌላ ሰው መጥቶ «ጉድጓድ ቆፍረህ ጠጠር ሙላበት፣ ውሃው መሬት ውስጥ ይስረግ» ይልህ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ ሁሉም ስፖንጅ ከተማ እያለ የሚያወራው ይህንን ነው። ሰፊ ግቢ ላለው ጥሩ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ግን ከቤት መሠረት 5 ሜትር መራቅ ነው። ጀጎል ውስጥ ከየትኛው ቤት 5 ሜትር ትርቃለህ? ከራስህ ስትርቅ የጎረቤትህ ሥር ነህ። በዚያ ላይ የመጸዳጃ ጉድጓዱ አጠገብ ነው። ባለፈው አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ አሮጌ ሰፈር ውስጥ እንደዚህ አስደርጎ ግድግዳው በሁለተኛው ክረምት ተሰነጠቀ።

ስለዚህ ለናንተ ሰፈር የሚሠራው ውሃውን ጣሪያው አጠገብ መያዝ ነው። አሸንዳ፣ ቱቦ፣ ሮቶ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ ልብ በል። ሞልቶ የተቀመጠ ሮቶ ለጎርፍ እንደሌለ ቁጠረው። ትናንት ሞልቶ ዛሬ ሲዘንብ ሁሉንም ይጥለዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ 2,000 ሊትር ከሆነ፣ ወገቡ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አውጣለት። ከቀዳዳው በታች ያለው 1,000 ሊትር ለቤት ይቀመጣል። ከላይ ያለው 1,000 ሊትር ከዝናቡ በኋላ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ እየፈሰሰ ያልቅና ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ቦታ ይኖራል። ያው ውሃ ነው፣ ግን በአሥር ደቂቃ ሳይሆን በሁለት ሰዓት ተኩል ነው በርህ ፊት የሚያልፈው። ልዩነቱ 31 ሴንቲና እርጥብ ጫማ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ 2,000 ሊትር ሁለት ቶን ነው። ጣሪያ ላይ እንዳታስበው! የድሮው ግድግዳ ላይም አይደገፍ። መሬት ላይ፣ የድንጋይ መደብ ሠርተህለት።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ቬኒስ ባሕር መሃል ቆማ የሚጠጣ ውሃ አልነበራትም። አደባባዮቹ ሥር ቆፍረው፣ በሸክላ አፈር ለብጠው፣ አሸዋ ሞሉበት። የዝናቡ ውሃ በአደባባዩ ቀዳዳዎች ገብቶ በአሸዋው ተጣርቶ መሃል ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። በ1884 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ከተማው የጠጣው ያንን ነው። ዛሬ ቱሪስቱ ፎቶ የሚነሳበት የድንጋይ ጉድጓድ አፍ ሁሉ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነበር።

ምድር_ቤት_ዲሲ፦

ከዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። ወንድሜ፣ ያቺን «ነደባው ላይ ወጥተናል» የምትለዋን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። በ2012 (በፈረንጅ) ብሉሚንግዴል የሚባል ሰፈር ምድር ቤት ተከራይቼ ነበር። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ፣ ከዩ ስትሪትና ከ9ኛው፣ ብዙ አይርቅም። ቤቶቹ የድሮ፣ የተጣበቁ፣ ቆንጆ የጡብ ቤቶች ናቸው። በዚያ አንድ ክረምት (የነሱ ሰመር) ሰፈሩ ደጋግሞ ተጥለቀለቀ። እኔ ጋ ውሃው በበር አልመጣም። በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቀዳዳ ነው የመጣው፣ ከታች ወደ ላይ። ሽታውን አልነግርህም።

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። የድሮው የዲሲ ክፍል፣ ከከተማው ሲሶ ያህሉ፣ የዝናቡንና የሽንት ቤቱን ውሃ በአንድ ቱቦ ነው የሚያወርደው። ዝናቡ ሲበረታ ቱቦው ይሞላና ወደ ቤት ይመለሳል። ቀያሹ ስለ ክዳኑ ያለውን በዚህ አረጋግጫለሁ፤ ሁለቱ ውሃ አንድ ላይ ከገቡ መለየት የልጅ ልጅ ሥራ ነው።

ምን አደረጉ? መሬት ውስጥ ትልቅ ዋሻ ቆፈሩ። በ2016 የመጀመሪያው አለቀ፤ 8 ሚሊዮን ጋሎን ይይዛል፣ ወደ 30 ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። በ2023 ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሌላ ተጨመረ። ገንዘብ ያለው አገር ነው። ግን የገረመኝ፣ ያ ሁሉ ዋሻ ተቆፍሮም የውሃ ቢል ላይ ውሃ ለማያሰርግ መሬትህ፣ ለጣሪያህና ለሲሚንቶህ ማለት ነው፣ ለብቻው ያስከፍላሉ። በርሜል ለሚያስቀምጥ፣ ሲሚንቶውን ለሚያነሳ ደግሞ ድጎማ አለ። እንግዲህ የላይ ጎረቤትህ ዲሲ ቢኖሩ ቢሉ ይመጣላቸው ነበር።

እናንተ ጋ ቢል የለም፣ ግን አፎቻ አላችሁ አይደል? የኔ ጎረቤት የሐረር ልጅ ናት፣ ሠርግም ለቅሶም በአፎቻ ነው ትላለች። ይህንን ለምን እዚያ አታነሳውም? ብቻህን ብትሄድ ክስ ይመስላል።

ልብስ ሰፊው፦

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ።

ባልዲውን አፈሰስኩ። ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ውሃው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ግድግዳዬ መጣ። መሃሉ ከዳሩ 4 ሴንቲ ከፍ ይላል። ደግሞ ሌላ ጉድ፣ ኮብልስቶኑ የተነጠፈው በድሮው ድንጋይ ላይ ስለሆነ መንገዱ ራሱ ከፍ ብሏል። ድሮ ወደ ቤቴ ለመግባት እግሬን አነሳ ነበር፤ አሁን ወደ ታች ነው የምረግጠው። ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቼ ውሃ ልክ ሠራሁና ለካሁት። ደፌ ከመንገዱ 11 ሴንቲ ዝቅ ብሏል። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስወጣና ስገባ አላየሁትም።

በሚቀጥለው ዝናብ ጃንጥላ ይዤ ውሃውን ተከተልኩት። ልጆች «ልብስ ሰፊው አበደ» አሉ። ግንቡ ሥር ያለው ቀዳዳ ግማሹ በፌስታል፣ በጫት ገረባና በአንድ አሮጌ ጀሪካን ተደፍኗል። ጅቡ እንዴት እንደሚገባ አላውቅም፤ ከሲታ ጅብ መሆን አለበት።

ከዚያ ወደ ላይ ጎረቤቴ ሄድኩ፣ ሐጂ እንበላቸው። ብቻዬን አልሄድኩም፤ ከዲሲ የጻፈችው እህቴ እንዳለችው ከአፎቻችን ሁለት ሽማግሌ ይዤ ነው። ቁጭ ሲሉ ፊታቸው ተከሰከሰ፣ ክስ ጠብቀዋል። እኔ ሜትሬን አወጣሁና «ሐጂ፣ ጣሪያዎን ልለካው?» አልኳቸው። የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ የኖርኩት ሰውዬ የሰው ጣሪያ ለካሁ። 8 ሜትር ከ30 በ8 ሜትር፣ 66 ካሬ። አሸንዳ የለውም። በወረቀት ሠራሁት፤ 25 ሚሊ ሲዘንብ 1,650 ሊትር።

«ጀሪካን ስንት ነው?» አሉኝ።

«82 ጀሪካን፣ ሐጂ።»

ዝም አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በብር እያባዙት ነው። ሐረር ውስጥ ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ቧንቧ በፈረቃ ሲመጣ ያየ ሰው ይህን ሒሳብ ለመሥራት ትምህርት ቤት አይሄድም። «እና ይህን ሁሉ ውሃ እኔ ነኝ በነጻ የምልክልህ?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እውነታቸውን ነበር።

ሮቶና አሸንዳ ሊያስገጥሙ ተስማምተዋል። እኔም ለራሴ ጣሪያ ትንሽ በርሜል አስቀምጣለሁ። ጥያቄ አለኝ፦ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣሪያው አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይመጣል። እሱም ይጠራቀም?

ቀያሹ፦

አይጠራቀም። ከአሸንዳው በሚወርደው ቱቦ ላይ ወደ ታች የሚንጠለጠል ቅርንጫፍ ቱቦ አስገጥሙ፤ ጫፉ ላይ ክዳንና ትንሽ የመንጠባጠቢያ ቀዳዳ ይኑረው። የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ እሱን ይሞላል፣ ንጹሑ ወደ ሮቶው ያልፋል። ለመጠጥ ግን አይሁን፤ ለእጥበት፣ ለሽንት ቤት፣ ለወለል።

ሮቶው ሲሞላ ትርፉ የሚወጣበት ቱቦም መሃል መንገዱ ላይ እንዲጥል ይሁን፣ ግድግዳ ሥር አይደለም። ሰው ሁልጊዜ ይህችን ይረሳታል።

አቦ_ከድሬ፦

ቅድም የቀለድኩትን ተዉት አቦ። ሥራዬ ጤና ጣቢያ ነው፤ ይህንን ግን በቁም ነገር ስሙኝ። ሮቶውንና በርሜሉን ክፍት እንዳትተዉት። በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘች አንዲት የወባ ትንኝ አለች፣ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል። ከገጠር ረግረግ ይልቅ የከተማ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ሥራ ውሃ ትወዳለች። በ2022 ድሬ ላይ ወባ ሲነሳ እሷ ነበረችበት። የዴንጊ ትኩሳትም በ2013 ድሬን አይቷታል፤ የሱ ትንኝም የተጠራቀመ ውሃ ወዳጅ ነው። ክዳን በደንብ ይገጠም። ቀዳዳውም፣ የትርፍ ቱቦው አፍም፣ ጠበቅ ያለ ወንፊት ይታሰርበት። አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፣ የአጎበር ቁራጭ አታጣም።

ሽማግሌው_ግንበኛ፦

ልጁ ቁም ነገርም ያውቃል ለካ። ይቅርታ አቦ።

ልብስ ሰፊው፣ የ11 ሴንቲውን ነገር እንዲህ አድርግ። ደፉን እስከ መንገዱ ልክ ብቻ አንሳው፣ ከዚያ በላይ ሁለት ጣት። ያ የራስህን ማስመለስ ነው፣ ሰው ላይ መጣል አይደለም። በድንጋይና በኖራ ሥራው። ከመሥራትህ በፊት ቅርስ ጥበቃዎችን አሳውቅ፤ ኋላ አፍርስ ከምትባል።

ልብስ ሰፊው፦

ነሐሴ 14። የመጨረሻ ወሬ ላምጣላችሁ።

የአፎቻው ወጣቶች የግንቡን ቀዳዳ በአንድ ቅዳሜ ጠርገውታል። ሁለት ጋሪ ቆሻሻ ወጣ። በየሳምንቱ ሐሙስ ተራ ወጥቷል፤ እስካሁን አንድ ሐሙስ ብቻ ነው የተዘለለው፣ ሠርግ ስለነበረ። ኮብልስቶኑ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ እንደገና እንዲነጠፍ አመልክተናል። መልስ አልመጣም። ደፌ ተፈቅዶልኝ ተነስቷል፣ በኖራ። ሲሚንቶ ልስኑ ጥቅምትን ይጠብቃል፤ እስከዚያ ሳየው ያሳፍረኛል።

የሐጂ ሮቶ የገባው ነሐሴ 3 ነው። ነሐሴ 11 ማታ ያ የሐምሌውን የመሰለ ዝናብ መጣ። እኔ በር ላይ ሜትሬን ይዤ ቆምኩ። ውሃው ደፉ ላይ 6 ሴንቲ ደረሰና ቆመ። ትንሽ ገባ፣ ባለቤቴ በመወልወያ መለሰችው። አልሐምዱሊላህ፣ ነደባ ላይ የወጣ የለም። ጨርቄ ግን ከአሁን ወዲያ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፣ መሬት አይነካም።

ቀያሹ ያላት የ12 ሚሊዋ ቀዳዳ ትሠራለች። ግን ዝናቡ ካቆመም በኋላ እኩለ ሌሊት እስኪደርስ ድረስ ደጄ ላይ ጠብ ጠብ ትላለች፣ እንቅልፍ ነሳችን። ላስቲክ ቱቦ አስሬ ወደ ራሴ በርሜል አዞርኳት፣ አጎበርም አልብሻታለሁ። ሐጂ ማለዳ ሲያልፉ በርሜሌን ገልጠው ያያሉ፣ ከዚያ «አንተ ሌባ፣ ውሃዬን ሰረቅከኝ» ይሉኛል።